የቀብድ እጥፍ፣ የዘገየው ፎቶ አንሺ እና ሌሎችም
ሰሞኑን ከለንደን የመጡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል የሰርግ ናቸው። መልሶቼ የእንግሊዝንና የዌልስን ሕግ ብቻ ይመለከታሉ። ስኮትላንድ የራሱ ሕግ አለው።

ጥያቄ፦ ለልጄ ሰርግ አዳራሽ በ3,000 ፓውንድ ተዋዋልኩ። 500 ፓውንድ ቀብድ ከፈልኩ። ሁለት ወር ሲቀረን ባለቤቱ “ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ” አለኝ። የእድራችን ሰዎች “ቀብድ ተቀብሎ ያፈረሰ እጥፍ ይመልሳል” ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሕጉን አልሳቱም፣ አገሩን ነው የሳቱት። እጥፉ ያለው በእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የእንግሊዝ ዳኛ የሚጠይቀው “ውሉ ቢከበር ኖሮ እኚህ ሰው ምን ያገኙ ነበር?” ብሎ ነው። ተመጣጣኝ አዳራሽ በ3,800 ካገኙ፣ ቀብዱንና የ800 ፓውንዱን ልዩነት ይጠይቃሉ። ሰውየውን ለመቅጣት ተብሎ የሚጨመር ነገር የለም፤ ያበሽቃል፣ አውቃለሁ።

የሰርጉን ቀን መጠበቅም የለብዎትም። “ውሉን አፍርሰሃል፣ እኔም ጨርሻለሁ” ብለው ዛሬውኑ በጽሑፍ ይንገሩትና ሌላ አዳራሽ ይፈልጉ። እጅዎን አጣጥፈው ቆይተው በመጨረሻው ሳምንት በ7,000 ቢከራዩ፣ ዳኛው “እስካሁን የት ነበሩ?” ይላል።

“አይሆንም፣ አዳራሼን አለቅም” ማለትም መብትዎ ነው። ያኔ ግን ውሉ ከነጣጣው ይቀጥላል። በክሪሚያ ጦርነት ዋዜማ አንዲት የእንግሊዝ መርከብ ያኔ የሩሲያ በነበረው ኦዴሳ ወደብ ጭነት ትጠብቅ ነበር። የተከራያት ሰው ወኪል “ጭነት የለም” አለ። ካፒቴኑ ግን አልሄደም፤ ቀነ ገደቡ እስኪደርስ ቆየ። በመሃል ጦርነቱ ፈነዳና ከጠላት ወደብ መጫን በሕግ ተከለከለ። ውሉን ያስቀረው ጦርነቱ እንጂ ተከራዩ አይደለም ተብሎ፣ የመርከቡ ባለቤት ካሳ ሳያገኝ ቀረ። አዳራሹም በመሃል ቢቃጠል የእርስዎ ነገር እንደዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶ አንሺው አርባ ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። ምንም አልከፍልም ብለው ያስኬደኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀስ በይ። በ1876 እ.ኤ.አ. የሁለት ዘፋኞች ጉዳይ ለፍርድ ቀርቦ ነበር። አንደኛው የመጀመሪያዎቹ የልምምድ ቀናት አመለጡት። ሌላኛዋ ታማ የመክፈቻው ምሽትና ቀጥለው የነበሩት ቀናት አመለጧት። የእሱ ውል መሰረዝ አልነበረበትም ተባለ፤ የእሷ ግን ይሰረዛል ተባለ። ስለዚህ በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ ምን አለፈ? የእንግዶች መግባት ብቻ ከሆነ፣ ዋጋ እንዲቀንስልሽ ጠይቂ። የቃል ኪዳኑ ሥነ ሥርዓት ካመለጠው ግን ነገሩ ይከብዳል። ያለ በቂ ምክንያት “ውሉ ፈርሷል” ካልሽ፣ አፍራሿ አንቺ ሆነሽ ትገኛለሽ።

ጥያቄ፦ ግንበኛው ኩሽናዬን ሳይጨርስ ጠፋ። ፍርድ ቤት አስገድዶ ያስጨርስልኛል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አያደርገውም። ሥራውን ሌላ ሰው እንዲጨርሰው ያድርጉና የጨመሩትን ገንዘብ ይጠይቁ። ማስገደድ የሚዘወተረው በቤትና በመሬት ሽያጭ ነው።

ጥያቄ፦ ውሉ ከፈረሰ አራት ዓመት ሆነው። ረፍዷል?

መልስ፦ አልረፈደም። ገደቡ ውሉ ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ 6 ዓመት ነው። እስከ 10,000 ፓውንድ የሆነ ጥያቄ በአነስተኛ ክሶች ችሎት ስለሚታይ፣ ያለ ጠበቃም መሄድ ይችላሉ። ደረሰኙንና የዋትስአፕ መልዕክቶቹን አይርሱ።