በሁለት ሳምንት ፈቃድ እስከ ማያሚ በጀልባ? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ባህር ዳር ነው ያደግኩት፣ አሁን የምኖረው ዉድብሪጅ ቨርጂኒያ ነው። አምና ያገለገለች ባለ 23 ጫማ ጀልባ ገዛሁ፣ ሞተሯ 150 ፈረስ ጉልበት ነው፣ ከፊት ትንሽ መኝታ አላት። እስካሁን ፖቶማክ ላይ ብቻ ነው የነዳኋት። ኦክቶበር ላይ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ከባለቤቴና ከወንድሟ ጋር በዚያ ውስጥ ለውስጥ በሚሄደው የውሃ መንገድ እስከ ማያሚ ልወርድ አስቤያለሁ፣ በወሩ መጨረሻ የአክስቴ ልጅ ሰርግ እዛ ስላለ አንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ይሆናል ብዬ ነው። የሰማ ሁሉ አብደሃል ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ? ነዳጁስ ማደሪያውስ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ አንተ እንኳን አላበድክም፣ ያበደው ቀጠሮህ ነው። ና ሂሳቡን አብረን እንስራው። ኢንትራኮስታል የሚሉት ያ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው መንገድ ዜሮ ማይሉ ኖርፎክ ቨርጂኒያ ነው፣ ማያሚ 1,090 ማይል ገደማ ላይ ትገኛለች። (ይሄ የመኪና ማይል ነው እንጂ የባህር ማይል አይደለም፣ ጂፒኤስህ በባህር ማይል ከተሞላ ሂሳቡ አልገጥም ብሎህ ግራ ትጋባለህ።) ከዛ በፊት ደግሞ ካንተ ሰፈር በፖቶማክ ወርደህ በቼሳፒክ ኖርፎክ ለመድረስ ከ150 ማይል በላይ አለ። ስለዚህ ለ14 ቀን ስታካፍለው አንድም ቀን ሳታርፍ በቀን 90 ማይል ግድም ነው። ጀልባዬ በሰዓት 25 ማይል ትሮጣለች ትለኝ ይሆናል፣ ትሮጣለች፣ ግን ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) እና ቤት ባለበት ሁሉ ሞገድ አታስነሳ ቀስ በል የሚል ምልክት አለ፣ ሎክ (ውሃው ከፍ ወይም ዝቅ እስኪል ጀልባ ገብቶ የሚጠብቅበት በር) አለ፣ ፍሎሪዳ ስትገባ ማናቲ ለሚባለው የውሃ እንስሳ ተብሎ ፍጥነት የተገደበበት ቦታ አለ፣ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀኑ 11 ሰዓት ብቻ ነው፣ በማታ እንድትነዳ ደግሞ በፍጹም አልመክርህም።

እና ዋናው እሱም አይደለም። ዋናው የማትንቀሳቀስባቸው ቀኖች ናቸው። ጀማሪ ሁሉ የሚሄድበትን ቀን ይቆጥራል፣ ንፋስ አስሮት የሚውልበትን አይቆጥርም። እኔ ብሆን በቀን 50 ማይል ይዤ በየአራት ቀኑ አንድ ቀን ለንፋስ እጨምርበታለሁ፣ ያ ሲደመር ወር ያልፋል። ሰርግ ያለበት ሰው ደግሞ መቆም ያለበት ቀን ላይ አይቆምም፣ እንድረስ ብሎ ይወጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ነው።

አንተ የጣና ልጅ ስለሆንክ ኖርዝ ካሮላይና ላይ የምትሻገረውን አልበማርል ሳውንድ የሚባለውን ውሃ ለመረዳት ከማንም ትቀድማለህ። ጣና ላይ ጠዋት ውሃው መስታወት መስሎ ታንኳው ሁሉ ይወጣል አይደል፣ ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳስ? ጥልቀት ስለሌለው ሞገዱ ረጅም ሆኖ አይንከባለልም፣ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ተደራርቦ ይመጣብሃል። አልበማርልም ልክ እንደዛ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ብዙው ቦታ 20 ጫማ እንኳን አይሞላም። ኦክቶበር ላይ ቀዝቃዛ አየር ሲያልፍ ከኋላው የሰሜን ንፋስ ይመጣል፣ ንፋሱ 15 ኖት (በሰዓት 15 የባህር ማይል) ከተባለ ባንተ ጀልባ አትሻገር፣ ቁጭ ብለህ ቡናህን አፍላ። የፖቶማክ አፍም እንደዛው ነው፣ የውሃው ፍሰትና ንፋሱ ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ሳህን አያስቀምጥም።

ስለዚህ ምክሬ፦ ማያሚን ለሰርጉ በአውሮፕላን ሂድላት። ጀልባዋን በተጎታች ጭነህ ኖርፎክ አካባቢ አውርዳትና እስከ ቦፈርት ኖርዝ ካሮላይና 200 ማይሏን በአስር ቀን ሂድ። (ሳውዝ ካሮላይናም በአንድ ዓይነት ፊደል የምትጻፍ ከተማ አለች፣ እሷን ግን ቢውፈርት ነው የሚሏት፣ በስልክ ማሪና ስትይዝ እንዳትሳሳት።) ይሄ ክፍል ከመንገዱ ሁሉ ለኔ ምርጡ ነው። ከኖርፎክ እንደወጣህ ሁለት ምርጫ አለህ፣ አንዱ በግሬት ብሪጅ ሎክ የሚያልፈው ሰፋ ያለው ነው፣ ሌላው የዲዝማል ስዋምፕ ቦይ ነው። ክፍት ከሆነ በሁለተኛው ሂድ፣ ከመውጣትህ በፊት ግን ደውለህ አረጋግጥ፣ በጥገናም በውሃ እጥረትም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ውሃው ቅጠልና ስር ተነክሮበት እንደ ሻይ ጠቁሯል፣ ግራ ቀኙ ጫካ ነው፣ ሌላ ድምፅ የለም። ቦዩን ከ1793 ጀምረው በ1805 እስኪከፈት ድረስ የቆፈሩት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው፣ ያው ረግረግ ደግሞ ከባርነት ያመለጡትን ደብቆ ያኖረ ነው። እኔ እዛ ስደርስ ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ መቆም ልማዴ ነው። ብቻ ቀስ በል፣ ከውሃው ስር ግንድ አለ፣ ፕሮፔለር ይበላል፣ ትርፍ ፕሮፔለርና መፍቻውን ሳትይዝ እንዳትወጣ።

ነዳጅ፦ እንዳንተ ያለች ጀልባ በደህና ፍጥነት በጋሎን ሦስት ማይል አካባቢ ብትሄድ ነው፣ የራስህን ግን ፖቶማክ ላይ ሞልተህ ለካ። አፍንጫዋን ሰቅላ ውሃ እያረሰች የምትሄድበት መሀከለኛ ፍጥነት አለ አይደል፣ በጣም የሚበላው እሱ ነው፣ ወይ ቀስ በል ወይ ሩጥ። ከታንክህ ሲሶውን ለመሄጃ፣ ሲሶውን ለመመለሻ፣ ሲሶውን እንዳትነካው። በግሬት ብሪጅ በኩል ከሄድክ ከኮይንጆክ እስከ ቤልሄቨን 85 ማይል ግድም ነው፣ መሀል ላይ አገኛለሁ ብለህ አትውጣ፣ ሞልተህ ውጣ።

ምልክቶቹን በተመለከተ፣ ወደ ደቡብ ስትሄድ ቀዩ በቀኝህ አረንጓዴው በግራህ ነው ይሉሃል፣ ልክ ነው፣ ግን መንገዱ ወደ ባህር የሚወጣ ወንዝ ሲያቋርጥ የወንዙ ምልክት ይቀላቀልና ቀለሙ ይገለበጣል። ያኔ ቀለሙን ተወውና ምልክቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቢጫ እይ፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን በቀኝ፣ ቢጫ አራት ማዕዘን በግራ። ይሄን ያላወቀ ሰው ነው አሸዋ ላይ የሚወጣው። ራዲዮ ላይ የድንገተኛ ጥሪው ቻናል 16 ክፍት ይሁን፣ ቨርጂኒያና ኖርዝ ካሮላይና ድልድይ ክፈቱልኝ ብለህ የምትጠራው በ13 ነው፣ ከሳውዝ ካሮላይና ወደ ታች በ9። ኢንሹራንስህን ደግሞ አሁኑኑ አውጥተህ አንብበው፣ የሀሪኬን ወቅት እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ ብዙዎቹ እስከዚህ ቀን ከዚህ በታች አትውረድ የሚል መስመር አላቸው።

ማደሪያ… ሦስት ትልልቅ ሰው በ23 ጫማ ጀልባ! አማችህን ትወደዋለህ መሰለኝ። አንድ ቀን መልህቅ ጥላችሁ አንድ ቀን ማሪና እደሩ፣ ሻወርም ሰላምም ይገኛል። መልህቅ ስትጥል ገመዱ የጥልቀቱን ሰባት እጥፍ ይሁን፣ ጥልቀት ስትል ደግሞ የጀልባዋን አፍንጫ ከፍታና ውሃው የሚጨምረውን ደምረህ ነው። እኔ ይሄን የተማርኩት ጆርጂያ ላይ ነው። እዛ ውሃው በስድስት ሰዓት ውስጥ ከ7 እስከ 9 ጫማ ከፍ ዝቅ ይላል። ማታ የተንጣለለ ውሃ ላይ ጥዬ ተኛሁ፣ ሌሊት ድስቱ ከምድጃው ወርዶ ቀሰቀሰኝ፣ ብወጣ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተጋድማለች፣ ጨረቃ አለች፣ ውሃ የለም። ውሃው ተመልሶ እስኪያነሳን ጎናችንን ግድግዳ ላይ አስደግፈን በሶ እየበጠበጥን ጠበቅን። ምግብ ላይ ብዙ አትጨነቅ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ቆሎ ካለ ፍሪጅ አያስፈልግም። ሽንት ቤቷን ግን ማሪና ነው የምታስቀዳው፣ ከባህር ዳርቻ እስከ 3 የባህር ማይል ድረስ ያልተጣራ ቆሻሻ መድፋት በህግ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ዋና አልችልም። ባለቤቴ ጀልባ ገዝቶ ቼሳፒክን እንዞራለን ይላል፣ ላይፍ ጃኬት አለ ምን ያስፈራሻል ይለኛል። ልሂድ? ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ ሂጂ፣ ግን ላይፍ ጃኬቱ ሳጥን ውስጥ ያለ ሳይሆን አንቺ ላይ ያለ ይሁን። ያ ራሱ የሚነፋው ቀጭኑ ያምራል፣ ዋና ለማይችል ሰው ግን ፎም ያለበት ይሻላል፣ መነፋት ሳያስፈልገው ያንሳፍፋል። ከሱ በላይ የምለምንሽ ግን ሌላ ነው። ሁሉም ስላንቺ መውደቅ ነው የሚያወራው፣ እሱ ቢወድቅስ? ሞተሩን ማጥፋት ትችያለሽ? ራዲዮ 16 ላይ ሜይዴይ (ድረሱልን ማለት ነው) ብለሽ ያላችሁበትን ቦታ ከጂፒኤሱ አንብበሽ መናገርስ? መሰላሉ የት ነው የሚወርደው? ይሄን ሳያስለምድሽ ከወደቡ እንዳይወጣ። ጀልባው ከ26 ጫማ በታች ከሆነ ደግሞ ከ2021 ኤፕሪል ጀምሮ የሚነዳው ሰው፣ ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋ መቁረጫ የተገጠመለት ጀልባ ከሆነ፣ በፍጥነት ሲሄድ ሞተር የሚያጠፋውን ገመድ ሰውነቱ ላይ ማሰር ግዴታው ነው፣ አላስርም ካለ ቤታችሁ ቅሪ። በነገራችን ላይ ዋና በማንኛውም ዕድሜ ይለመዳል፣ ክረምቱን ሙሉ የቤት ውስጥ ገንዳ አለ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የቺካጎ ታክሲ ነጂ ነኝ። ግሬት ሉፕ የሚሉትን ዙር በትንሽ ጀልባ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ እርስዎ ደግሞ ጊዜ አለዎት፣ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ዙሩ የአሜሪካን ምስራቃዊ ክፍል በወንዝ፣ በሐይቅና በባህር ዳር ዞሮ የሚመለስ ነው፣ 6,000 ማይል ገደማ ይሆናል፣ ብዙው ሰው ዓመት ይፈጅበታል። ከቺካጎ በሴፕቴምበር ተነስተው በኢሊኖይ ወንዝ ይወርዳሉ፣ ክረምቱን ፍሎሪዳ፣ ከዛ በኢንትራኮስታል ወደ ሰሜን ይወጣሉ፣ ኒውዮርክ ያለው የኤሪ ቦይ አብዛኛውን ጊዜ ሜይ አጋማሽ ላይ ስለሚከፈት ከዛ ቀድመው ቢደርሱ መጠበቅ ነው። ከሴንት ሉዊስ በታች ሚሲሲፒና ኦሃዮ ወንዝ ላይ ከ200 ማይል በላይ ነዳጅ ሳያገኙ ሊሄዱ ስለሚችሉ ትርፍ ጀሪካን ያስቡበት። አንድ ነገር ግን ጀልባ ከመግዛትዎ በፊት፦ እዛው እናንተ ጋ ከቺካጎ በታች ከፍታው 19 ጫማ ተኩል ብቻ የሆነ የማይከፈት የባቡር ድልድይ አለ፣ ዙሪያውን የሚኬድበት መንገድ የለም። የሚያዩትን ጀልባ ከውሃው እስከ ጫፉ ራስዎ በመለኪያ ለክተው ይጻፉልኝ፣ ሻጩ የነገረዎትን ቁጥር አይደለም።