ክሮም ላይ ያለው ኤክስቴንሽን ፋየርፎክስ ላይ ለምን እምቢ ይላል?

ወንድሜ፣ ክሮም ላይ የጫንከው የማስታወቂያ ማገጃ ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ኤጅ ላይ ሠርቶ ፋየርፎክስ ላይ ለምን እምቢ እንዳለህ ጠይቀሃል። ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭና ኦፔራ ሁሉም የተሠሩት ክሮሚየም በሚባል አንድ የጋራ የብራውዘር መሠረት ላይ ስለሆነ ከክሮም መደብር የወሰድከው አብዛኛውን ጊዜ በሁሉም ይሠራል፤ ኤጅ መጀመሪያ ከሌላ መደብር ለመጫን ፈቃድ ይጠይቅሃል፣ እሺ በለው። ፋየርፎክስ ግን የራሱ ሞተርና የራሱ መደብር አለው። የክሮሙን ፋይል ልጫን ብለህ አትልፋ። እዛው መደብሩ ገብተህ ስሙን ፈልግ፣ የሠሪውንም ስም አመሳክር። ይቺን አደራ እልሃለሁ፣ አስመሳይ ሞልቷል፤ ፈቃድ የሰጠኸው ኤክስቴንሽን ደግሞ የምትከፍተውን ገጽ ማንበብ ይችላል፣ የባንክህንም ጭምር።

ስሙ ተመሳስሎ ሥራው ሊለያይም ይችላል። ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን የማስታወቂያ ማገጃ ውሰድ። ክሮም ማኒፌስት 3 ወደሚባለው አዲስ የኤክስቴንሽን ደንብ ከተሻገረ ወዲህ ሙሉው አይሠራበትም፣ የቀረው ላይት የሚባለው ቀለል ያለው ነው። ፋየርፎክስ ላይ ሙሉው አለ። ስለዚህ ዋና ጉዳይህ ማስታወቂያ ከሆነ እኔ ያለ ማመንታት ፋየርፎክስን እመርጣለሁ።

ብዙ ኮምፒውተር ካለህ ሲንክ አብራ። ክሮም በጉግል አካውንትህ፣ ፋየርፎክስም በራሱ አካውንት ኤክስቴንሽኖችህን ሌላው ማሽን ላይ ራሱ ይጭንልሃል፤ ከአንዱ ብራውዘር ወደ ሌላው ግን አይሻገርም፣ እሱን በእጅህ መጫን አለብህ። የቢሮ ማሽኖች ከሆኑ ክሮምን፣ ኤጅንና ፋየርፎክስን በግሩፕ ፖሊሲ (ብዙ የዊንዶውስ ማሽኖችን ከአንድ ቦታ ማዘዣ) ማዘዝ ይቻላል፣ ኤክስቴንሽኑ ሠራተኛው ምንም ሳይነካ ይጫናል። ስንት ማሽን እንዳለህና ዊንዶውስ መሆኑን ጻፍልኝ፣ አደራረጉን አሳይሃለሁ።