ከውሻችን ወደ ልጄ ፀጉር የገባችው ጠፍጣፋ ዝንብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ነው። ውሻችን ጆሮ ሥር ጠፍጣፋ ዝንብ የምትመስል ነገር ተጣብቃ አየሁ። ልይዛት ስል ወደ ጎን ሮጣ ፀጉሩ ውስጥ ገባች። ትናንት ደግሞ አንዷን የ4 ዓመት ልጄ ፀጉር ውስጥ አገኘኋት። በጥፍሬ ብጨፈልቃትም አልሞተችም። አንገቱ ላይ ቀይ እብጠት አለው፤ ያሳክከዋል። ጎረቤቴ «ይቺ የገንዲ ዝንብ ናት፤ ጭንቅላቱ ላይ እንቁላል ጥላ ይሆናል» ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ለውሻው የተገዛ ዲያዚኖን የሚባል የተባይ መግደያ ቤት አለ። ልጁን በእሱ ልጠበው? 3 ፎቶ ልኬያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ዲያዚኖኑን ልጅዎ ላይ በፍጹም እንዳያደርጉ። በውኃ አቅጥነውም ቢሆን አይሆንም። ይህ መድኃኒት በቆዳ ውስጥ አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ ነርቭንም ይመርዛል። ሕፃን ላይ ደግሞ ትንሹም ይበዛል። ቤት ውስጥ የሚነፋውም ፍሊት ለፀጉር አልተሠራም። ምናልባት ይህን ከማንበብዎ በፊት ቀብተውት ከሆነ ልብሱን አውልቀው ገላውንና ፀጉሩን በብዙ ውኃና በሳሙና ይጠቡት። ከዚያ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዘው ሆስፒታል ይሂዱ። ምራቅ መዝረብረብ፣ ማላብ፣ ማስታወክ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ ወይም ትንፋሽ ማጠር እስኪመጣ አይጠብቁ።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ። የመጀመሪያው ደብዝዟል፤ ምንም አይነግረኝም። ሁለተኛው፣ ከጎን ያነሱት፣ ነገሩን ፈታው። ገላዋ በካውያ የተጫኑት ይመስል ጠፍጣፋ ነው። የተራ ዝንብ ገላ እንዲህ አይደለም። ሦስተኛው፣ ነጭ ሳህን ላይ ያለችው፣ እግሮቿን አሳየኝ። ጫፋቸው ላይ ጠንካራ የተቆለመመ ጥፍር አለ። ፀጉር ቆንጥጣ የምትይዘው በዚህ ነው። ቆዳዋም እንደ ሌጦ ጠንካራ ስለሆነ በጥፍርዎ አልሞተችም።

እነዚህን ምልክቶች ከጻፉልኝ ጋር ሳጋጥም፣ ይህች ሂፖቦስካ ከሚባሉት የእንስሳት ዝንቦች አንዷ ናት። ደም መጣጭ ናት። በውሻ፣ በከብት፣ በፈረስና በግመል ላይ የሚኖሩ ዓይነቶች አሏት። ብዙ ሰው መዥገር ትመስለዋለች። መዥገር ግን 8 እግር አለው፤ ክንፍም የለውም።

ጎረቤትዎ የሰጉት በከንቱ አይደለም። ሂፖቦስካና የገንዲ ዝንብ፣ ማለትም ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፈው ፄፄ፣ የአክስት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ሲያርፉ ክንፋቸውን አንዱን በሌላው ላይ ይደርባሉ። ያሳሳታቸውም ይህ ይመስለኛል። የፄፄ መውጊያ ግን ከጭንቅላቷ ፊት ለፊት እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ይታያል። ገላዋም ጠፍጣፋ አይደለም። ነክሳ ደም ከጠጣች በኋላ ትበራለች እንጂ ፀጉር ውስጥ ተሸሽጋ አትኖርም። መኖሪያዋም እንደ ኦሞ፣ ጊቤ፣ ዴዴሳና ባሮ ባሉ የቆላ ወንዞች ሸለቆ፣ እንዲሁም ወደ አርባ ምንጭ ባለው ስምጥ ሸለቆ ነው።

ፄፄ ለሰው የምታስተላልፈው የእንቅልፍ በሽታ በአገራችን ጋምቤላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 ታይቷል። በ2022 ደግሞ በዳውሮ ሕሙማን ተገኝተዋል። ስለዚህ ልጅዎ በቅርቡ ወደነዚያ ቆላዎች ሄዶ ከነበረና ትኩሳት ከያዘው ለሐኪሙ ይንገሩ። ሐዋሳ ቤቱ ላለ ልጅ ግን፣ ትኩሳት ከመጣ መጀመሪያ የወባ ምርመራ ይደረግለት። ይህን አደራ እላለሁ።

እንቁላሉን በተመለከተ ተረጋግተው ይተኙ። ይህች ዝንብ ጭርሱን እንቁላል አትጥልም። አንዷን ትል ሆዷ ውስጥ አሳድጋ፣ ስትደርስ የግድግዳ ስንጥቅ ወይም የውሻ ማደሪያ ጥግ ውስጥ ትወልዳታለች። ትሏም ወዲያው ቅርፊት ለብሳ ትጠቁራለች፤ ትንሽ ጥቁር ዘር ትመስላለች። ቆዳ ውስጥ ትል የምታስገባ ሌላ ዝንብ በአፍሪካ አለች። እሷ እንቁላሏን እርጥብ ልብስና አሸዋ ላይ ትጥላለች። ያኔ የሚታየው መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው፣ ውስጡ የሚንቀሳቀስ የሚመስል እባጭ ነው። የልጅዎ እብጠት እንዲህ ከሆነ ሳይጨምቁ ክሊኒክ ይውሰዱት። ውጭ የተሰጣ ልብስ በደንብ በጋለ ካውያ መተኮስ ከዚያች ዝንብ ይከላከላል።

ለአሁኑ እብጠት፣ ቦታውን በሳሙናና በውኃ ይጠቡት። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ያድርጉበት። ካላማይን ሎሽንም ማሳከኩን ያስታግሳል። ጥፍሩን ይቁረጡለት፤ ብዙ ጊዜ ቁስል የሚያመጣው ማከኩ ነው። ፀጉሩን በጥርሰ ጠባብ ማበጠሪያ ያበጥሩለት፤ ዝንብ ካገኙ በጉጠት ይያዟት። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰው ሐኪም ይየው። ፊቱ ወይም ከንፈሩ ካበጠ ወይም መተንፈስ ከከበደው ግን በዚያችው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል።

ሌላ ዝንብ ካገኙ አይጨፍልቋት። ሳኒታይዘር ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይክተቷት። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ፣ አጠገቧ ሳንቲም አድርገው፣ በመስኮት ብርሃን ያንሷት። ከላይ፣ ከጎን፣ ከሆዷ በኩል። ስልኩን አያስጠጉት፤ ራቅ ብለው አንሥተው በኋላ የፎቶውን ትርፍ ጠርዝ ይቁረጡ። ከየትኛው እንስሳ ላይ፣ መቼ እንዳገኟትም ይጻፉ። አንዳንዴ ይህ ከፎቶው ይበልጥ ይረዳል።

ዋናው ሥራ ግን ውሻው ጋ ነው። እሱ ካልታከመ ዝንቧ ተመልሳ ትመጣለች። የእንስሳት ሐኪም ክብደቱን አይቶ መድኃኒት ይስጠው። መድኃኒቱ እስኪደርቅ ልጁ አይንካው። ማደሪያውን ይጥረጉ፣ ስንጥቁን ይድፈኑ፣ የተነጠፈለትን ያቃጥሉ። እዚያው ሳሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ዓመት አልፎት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ከ4 ዓመት ልጅ ጋር ለሚጫወት ውሻ ከዝንቧ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።