ቦነስ አይረስን ለመዞር የተነሣችሁ ወገኖች፣ አንዴ ስሙኝ

አሜሪካ ከገባሁ 26 ዓመት ሆነኝ። ሃያውን ታክሲ ስነዳ ነው ያሳለፍኩት። የሐበሻ ስህተት ዓይነቱን ሁሉ ከኋላ ወንበር ሰምቼዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ዱባይ ሰለቸኝ ያለው ሁሉ ደቡብ አሜሪካ እሄዳለሁ ማለት ጀምሯል። ጥሩ ነው፣ ሂዱ። ከአዲስ አበባ ለሚነሣም የእኛው አየር መንገድ በሳኦ ፓውሎ አድርጎ የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ ይገባል።

እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሀብታም ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ልጄ ለአንድ ዓመት ትምህርት እዚያ ስለነበረች ነው። ሦስቱንም ጊዜ ከተማዋን ያየሁት ከአስጎብኚ ጋር በእግሬ እየዞርኩ ነው። ሁለቱን ጊዜ ደግሞ ከአገር ልጆች ጋር ነበርኩ፤ ያየሁትን አይቻለሁ። እነግራችኋለሁ፣ ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

1. ወረቀት

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ቆንስላውን ራሳችሁ ጠይቁ፤ የአጎታችሁ ልጅ በዋትስአፕ የላከላችሁን አትመኑ። በቃ።

2. ጫማ፣ ሰዓት፣ ገንዘብ

እዚያ ጥር ሙቀት ነው፣ ሐምሌ ብርድ። ሳን ቴልሞ የሚባለው አሮጌ ሰፈር መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነው። አንዲት እህታችን ታኮ ጫማ አድርጋ መጣች። ለፎቶ ነው አለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካፌ ተቀምጣ ጠበቀችን። ፎቶው ግን ፌስቡክ ላይ ወጥቷል፣ "ሳን ቴልሞን ስዞር" ተብሎ።

አራት ሰዓት ተኩል ከተባላችሁ አራት ሰዓት ተኩል ነው። አስጎብኚው ባለ ቢጫ ጃንጥላ ይሁን ባለ አረንጓዴ፣ አይጠብቃችሁም። ስልካችሁን በእጃችሁ እያወዛወዛችሁ አትሂዱ። ፍሎሪዳ በሚባለው የገበያ መንገድ "ካምቢዮ፣ ካምቢዮ" እያሉ የሚጣሩ ሰዎች አሉ። ምንዛሪ ነው፤ የአገራችሁን ጥቁር ገበያ የምታውቁ ምን እንደሆነ አይጠፋችሁም። ካሜራዬ ካሜራዬ እያላችሁ ሂሳቡን እንዳትስቱ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። "ነፃ ጉብኝት" የሚባሉት ነፃ አይደሉም። አስጎብኚው ደመወዝ የለውም፤ የሚበላው መጨረሻ ላይ ከምትሰጡት ጉርሻ ነው። እነሱ "አ ላ ጎራ" ይሉታል፣ ቆቡ ውስጥ ጣሉልኝ እንደማለት። እኛ ስድስት ሆነን ሦስት ሰዓት ሙሉ አዞረን፣ ለፍቶ አስረዳን። መጨረሻው ሲቃረብ አራቱ ሽንት ቤት እንደሚሄዱ ሆነው ሹልክ አሉ። እነዚህ ሰዎች እኮ በሠርግ ቤት ዘፋኝ ግንባር ላይ ዶላር የሚለጥፉ ናቸው! አላፈርኩም ብል ውሸቴን ነው። የአራቱንም ከኪሴ ከፈልኩ። እስካሁን አልመለሱልኝም። ይህን እያነበባችሁ ከሆነ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

3. የት መዞር?

ከፕላሳ ዴ ማዮ ጀምሩ። ከተማዋ በ1580 ሁለተኛ ጊዜ የተቆረቆረችው እዚያ ነው። በ1536 የተጀመረችው የመጀመሪያዋ ሳትጸና ቀርታ ነበር። አርጀንቲና ከስፔን ለመላቀቅ የተነሣችውም በግንቦት 1810 እዚያው አደባባይ ላይ ነው። ከቻላችሁ ሐሙስ ቀን ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ወታደሮች አገሪቱን በገዙበት ዘመን ልጆቻቸው የጠፉባቸው እናቶች ከ1977 ጀምሮ ነጭ ሻሽ አስረው አደባባዩን ይዞራሉ። ዘመኑ ሁሉ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ዝም ብላችሁ አንብቡ። እዚያ ስትደርሱ ግን ፎቶ ማንሳቱን ትታችሁ ትንሽ ቁሙ። ልጅ የጠፋባት እናት የእኛም አገር ታውቃለች።

ከዚያ ዴፌንሳ በሚባለው መንገድ ወደ ደቡብ ውረዱ። ዴፌንሳ ማለት መከላከል ነው። በ1806 እና በ1807 እንግሊዞች ከተማዋን ሊይዙ መጥተው ሕዝቡ መልሷቸዋል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። መንገድ ላይ ባለ አንድ ገዳም ማማ ላይ የዚያን ጊዜ የጥይት አሻራ ያሳዩዋችኋል። ዓድዋን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል፣ የእኔ ተነፍቷል። እሑድ ከሆነ ይኸው መንገድ ከላይ እስከ ታች አሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። አሮጌ የሻይ ማንኪያ በእጥፍ ዋጋ መግዛት ለምትወዱ ጥሩ ቀን ነው።

አስጎብኚ ለምን ያስፈልጋል ለምትሉኝ መልሴ ሳን ቴልሞ ነው። ብቻችሁን ብትሄዱ የምታዩት አሮጌ ቤት ብቻ ነው። የሚያውቅ ሰው ሲያዞራችሁ ግን ቤቱ ራሱ ይናገራል። ሰፈሩ ድሮ የሀብታሞች ነበር። በ1871 ቢጫ ወባ ገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ13 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ሀብታሞቹ ቤታቸውን ጥለው ወደ ሰሜን ሸሹ። ያ ትልልቅ ቤት ምን ሆነ? ክፍል ክፍሉ ተሸንሽኖ ከባሕር ማዶ ለሚጎርፈው ስደተኛ ተከራየ። አንድ ክፍል ለአንድ ቤተሰብ። ግቢው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ የውሃ ወረፋው የጋራ። ኮንቬንቲሾ ይሉታል። እኔ አስተርጓሚ ሳያስፈልገኝ ገባኝ፤ ያደግሁበት ግቢ ነው።

በ1907 ባለቤቶቹ ኪራይ ሲጨምሩባቸው የእነዚህ ግቢዎች ሴቶችና ልጆች መጥረጊያ ይዘው አደባባይ ወጥተዋል፣ አከራዮቹን ጠርገን እናወጣለን ብለው። ይህን ታሪክ ለሚስቴ ስነግራት "የኛ ግቢ ሴቶች ሙቀጫም ይጨምሩበት ነበር" አለች።

4. ጥቁር ሆናችሁ ስትዞሩ

ብራዚላዊ ነህ ይሏችኋል። አትቆጡ። ግን አስጎብኚውን "የዚህ አገር ጥቁሮች የት ሄዱ?" ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ስጠይቅ የአንዱ ፊት ተለዋወጠ፣ ሌላኛው ግን ደስ ብሎት አንድ ሰዓት አወራኝ። በ1778 ቆጠራ ከከተማዋ ነዋሪ ሦስት አንድ እጅ ገደማው ጥቁርና ክልስ ነበር። ሳን ቴልሞና አጠገቡ ያለው ሞንሴራት የከበሮ ሰፈር ይባሉ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ወረርሽኙ መጣ፣ ከነጩ ጋር ተጋቡ፣ ቆጣሪዎቹም መቁጠር ተዉ። በነፃነቱ ጦርነት የተዋጋች ማሪያ ሬሜዲዮስ ዴል ቫዬ የምትባል ጥቁር ሴት ነበረች፤ አርጅታ በልመና ትኖር ነበር። በ2024 ምስሏ በ10 ሺህ ፔሶው ኖት ላይ ወጣ።

የአፍሪካ ቋንቋቸውስ? ከእሱ የቀረው ጥቂት ቃል ነው። አርጀንቲናዊ ሁሉ ቀኑን ሙሉ "ኪሎምቦ" ይላል፣ ትርምስምስ ሲል ነው። ከአንጎላ የመጣ ቃል ነው። "ሙካማ" የሚሉትም ከዚያው የመጣ ነው፤ የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። ትርምስና የቤት ሠራተኛ። ይህቺን ያዙልኝ።

5. ላ ቦካ፣ እና የእኔ ጉዳይ

ላ ቦካ በአውቶቡስ ሂዱ፣ ካሚኒቶ ከሚባለው መንገድና ከኳስ ሜዳው አካባቢ ብዙ አትራቁ። ቀለም ቀለም ያለውን የቆርቆሮ ቤት በፎቶ አይታችሁታል። ወደብ ላይ ይሠሩ የነበሩ ስደተኞች ከመርከብ የተረፈ ቀለም እያመጡ ይቀቡት ነበር ይባላል። መንገዱን የዛሬውን መልክ ያሲያዘው ኪንኬላ ማርቲን የሚባል የሰፈሩ ሠዓሊ ነው። ሕፃን ሆኖ ማሳደጊያ በር ላይ የተጣለ፣ አድጎ የከሰል ሠራተኛ የነበረ ሰው።

ስደተኞቹ በብዛት የመጡት ከጣሊያን ከጄኖዋ ነው። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። የሰፈሩ ቡድን ቦካ ጁኒየርስ ደጋፊዎች እስካሁን ራሳቸውን "ሴኔይሴስ" ይላሉ፤ ጄኖዋዊ ማለት ነው፣ በዚያው ቋንቋ። ሜዳው ሙሉ ሰው በዚያ ስም ይጮሃል። ያን ቀን ያዞረን ልጅ ቅድመ አያቱ ጄኖዋዊ ነበሩ። አንድ ሰው "ቋንቋውን ትችላለህ?" አለው። ሳቀና "ስድብ ብቻ ነው የደረሰኝ፣ እሱንም አያቴ ሲናደድ ነው የሰማሁት" አለ። ሁሉም ሳቀ። ይህን ሁሉ ከስፓኒሽ እየተረጎመችልኝ የነበረችው ልጄ ናት። ወደ እንግሊዝኛ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ልጄ ስፓኒሽ እንደ ውሃ ትጠጣለች። መንገድ ማለት የሆነውን "ካዬ" እንደ ሰፈሩ ሰው "ካሼ" ትላለች። ገበያ ውስጥ ትከራከራለች፣ ትቀልዳለች። ከአባቷ ጋር ግን በአማርኛ የምታወራው "እሺ"፣ "በላሁ"፣ "ደህና ነኝ" ነው። ሦስት ቃል። የአንጎላዎቹ ቃል እንኳን ተርፎ እስካሁን ትርምስ ይጠራበታል።

ሦስት ዓመቷ ሳለ አማርኛ ትለፈልፍ ነበር። ወፍ ናት ይሏት ነበር። መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ አንዲት አስተማሪ "ልጅቷ እንዳትደናገር ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ አውሩ" አለችን። እኔና እናቷ በሰባራ እንግሊዝኛችን ልጅ ማሳደግ ጀመርን። አስተማሪዋን አልወቅስም። እኔ ነኝ ያመንኩት። ፈረንጅ ስለነገረኝ አመንኩ። ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ የፊደል ትምህርት ነበር፤ እኛ ዋና እናስተምራት ነበር። ዋና ጥሩ ነው። ልጄ ጥሩ ዋናተኛ ናት።

ላ ቦካዎቹ ቢያንስ ምክንያት አላቸው። በ1884 የወጣ ሕግ ልጆችን ሁሉ በግድ ትምህርት ቤት አስገባ። ነፃ ነው፣ በስፓኒሽ ነው። ወላጆቹ ጣሊያንኛውን ከስፓኒሹ እያደባለቁ ሲናገሩ በቲያትር ይሾፉባቸው ነበር፤ ለድብልቁ ራሱ "ኮኮሊቼ" የሚል ስም ወጣለት። ልጆቹ አፈሩ። በእናታቸው አፈሩ። እኛን ማን አስገደደን? እኛ ላይ ማን ሾፈ? ጎረቤቴ ልጇ አማርኛ አለመቻሉን እንደ ሙያ ነው የምታወራው። "እሱ እኮ ጭራሽ አይሰማም" ትላለች፣ ፈገግ ብላ። ምኑ ነው የሚያስቀው? እናቷ ከአዲስ አበባ ስትደውል ልጁ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ነው የሚወረውረው። ለአያቱ ቴሌቪዥን ልካለች፣ ሶፋ ልካለች። የልጅ ልጇን ድምፅ ግን አልላከችም።

አዎ፣ ሁለት ሥራ ትሠራላችሁ። እኔም እሠራ ነበር። ታክሲው ውስጥ ግን ከማላውቀው ሰው ጋር ሌሊቱን ሙሉ ሳወራ ኖሬያለሁ። ቤት ስገባ አፌ ደክሟል እል ነበር።

ካሚኒቶ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ልጄ ጠየቀችኝ። እዚህ ሁሉ መንገድ ለምን እንዲህ እንደተባለ አንድ ታሪክ አለው፣ ያንተ ሰፈርስ ማን ይባል ነበር? አለች። ዶሮ ማነቂያ አልኳት። ትርጉሙን ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ልትለው ሞከረች። "ዶሮ ማነኪያ" አለች። ደግማ ሞከረች፣ "ማነኪያ"። ቂ አልወጣላትም። የአባቷን ሰፈር ስም መጥራት አልቻለችም፣ የሃያ ዓመት ልጅ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ሆቴል ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰፈሩ በ2024 ፈርሷል። ቪዲዮውን አይታችሁታል። አሁን ላስጎብኛት ብል የማስጎበኛት የለኝም። ስለዚህ እሑድ እሑድ በስልክ ነው የምንዞረው። ወረቀት ላይ ሥዬ ልኬላታለሁ። ከጊዮርጊስ እንነሣለን፣ የዳቦ ቤቱ ጋ እንታጠፋለን፣ የእትዬን ጉልት እናልፋለን። በአማርኛ ብቻ። ሲያቅታት ትናደዳለች፣ አንዳንዴ ስልኩን ትዘጋብኛለች። እደውላለሁ። ትንሽ ልጆች ያላችሁ እንደኔ በሃያ ዓመታቸው አትጀምሩ። ዛሬ ማታ ራት ላይ ጀምሩ። ሲያኮርፉ ይኩረፉ፣ ይርባቸዋል፣ ይመለሳሉ።

6. ሬኮሌታን ረሳሁት

ሀብታሞቹ የሸሹበት የሰሜኑ ሰፈር ነው። ከ1822 ጀምሮ ያለ መካነ መቃብር አለው፣ መቃብሩ እንደ ቤት የተሠራ። የፕሬዚዳንት ፔሮን ሚስት ኤቪታ ፔሮን እዚያ ናት። በ33 ዓመቷ በ1952 ሞታ፣ አስከሬኗ ጣሊያንና ስፔን ተንከራቶ፣ እዚህ ያረፈችው በ1976 ነው። እድር የምትከፍሉ ሰዎች ይህን ስትሰሙ ምን እንደምታስቡ አውቃለሁ። ለውጭ አገር ሰው መግቢያ ያስከፍላል። ጠዋት ሂዱ፤ ውስጡ ጠባብ ጠባብ መንገድ ስለሆነ ከአስጎብኚው አትራቁ። ጉርሻውንም እንዳትረሱ።