ፓስፖርትሽ ማን እጅ ነው? ስለ ውጭ አገር ሥራና ኑሮ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መሄድ ናቸው። ልሂድ ያለም፣ የሄደም፣ ልጁን የሸኘም ጽፎልኛል። እኔ በሃያ ዓመቴ ቤሩት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። በኋላ ዲቪ ደርሶኝ ኑሮዬ ቨርጂኒያ ሆነ። ስለዚህ የምመልሰው ግማሹን ከሕጉ፣ ግማሹን ካየሁት ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ ስም አላወጣሁም።

«19 ዓመቴ ነው፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። የሰፈራችን ደላላ በ80 ሺህ ብር ሳውዲ በፍሪ ቪዛ ልላክሽ ይለኛል። ገንዘቡ ከከበደሽ በጅቡቲ በኩል በርካሽ ትሄጃለሽ አለኝ። እናቴ ላሟን ልትሸጥልኝ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ ላሟ ትቆይ።

በሕጋዊ መንገድ ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ ልጅ ለላኪው የምትከፍለው የአገልግሎት ዋጋ የለም። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ የአሠሪው ነው። ያንቺ ድርሻ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ከወንጀል ነፃ የሚለው ወረቀትና ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። «ለቪዛ፣ ለቲኬት» ብሎ ብር የሚቀበልሽ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው።

ፍሪ ቪዛ ደግሞ ስሙ ያታልላል። አንድ ሰው በስሙ ቪዛ ያወጣና ይሸጠዋል። አንቺ እዚያ ደርሰሽ ሌላ ቤት ፈልገሽ ትሠሪያለሽ። ኢቃማሽ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ግን በእሱ ስም ነው። ከከፊልሽ፣ ማለትም ቪዛውን በስሙ ካወጣው ሰው፣ ውጪ ሌላ ሰው ዘንድ ስትሠሪ ከተያዝሽ የምትታሰሪውም የምትባረሪውም አንቺ ነሽ። ኢቃማውን ለማሳደስ እንደገና ብር ቢጠይቅሽ እንኳ የምትከራከሪበት ወረቀት የለሽም።

በጅቡቲ በኩል ያለው ከዚህም የከፋ ነው። ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ጦርነት ባለበት አገር አልፎ ወደ ሳውዲ ድንበር ነው መንገዱ። የእኛ ልጆች በዚያ ባሕር ሰጥመዋል። የመን ውስጥ ታግተው ቤተሰባቸው ማስለቀቂያ ተጠይቋል። ድንበሩ ላይ ተተኩሶባቸዋል። ደላላው የሚነግርሽ የመነሻውን ዋጋ ብቻ ነው። የመን ስትደርሺ እናትሽ በስልክ የምትጠየቀውን አይነግርሽም። ያኔ ላሟ ብቻ አትሆንም የምትሸጠው።

መሄድሽን አልቃወምም። ግን በኮንትራት ሂጂ። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው በአካባቢሽ ባለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አጣሪ። ኮንትራቱን በሚገባሽ ቋንቋ ሳታነቢ አትፈርሚ። ደመወዝሽ፣ የዕረፍት ቀንሽ፣ የአሠሪሽ ሙሉ ስምና አድራሻ ይኑርበት። አንድ ቅጂ እናትሽ ጋ ይቅር።

የፓስፖርትሽን ቁጥር ደግሞ በቃልሽ አጥኚው። እኔ ቤሩት የደረስኩ ዕለት ማዳም ፓስፖርቴን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋችው። የዚያ ዚፕ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በሦስት ዓመት ውስጥ ፓስፖርቴን አንድ ቀን እንኳ መልሼ አላየሁትም። ቁጥሩን ግን ከመሄዴ በፊት የጸሎት መጽሐፌ ሽፋን ውስጥ ጽፌው ነበር። ጠፍቼ ወጥቼ ቆንስላው ደጅ ስቆም ማንነቴን ያስረዳልኝ ያ ቁጥር ነው። ስልክ ይቀማል፤ ፎቶ አንስቻለሁ ብለሽ አትተማመኚ።

«ልጄ ሪያድ ከሄደች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ከአራት ወር ወዲህ ስልኳ አይሠራም። ገንዘቡ ይቅር፣ ድምጿን ብቻ ልስማ። ወዴት ልሂድ?» አባት፣ ከአርሲ

አባቴ፣ መጀመሪያ የላካት ኤጀንሲ ዘንድ ይሂዱ። በሕጉ ኤጀንሲው ከአሠሪዋ ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው። «እኛ ልከናል፣ ከዚያ ወዲያ አናውቅም» ሊልዎ አይችልም። አቤቱታዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም ያስመቱ። መልስ ከዘገየ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ጎን ለጎንም ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ ክፍል ይሂዱ። ሪያድ ኤምባሲ፣ ጅዳ ደግሞ ቆንስላ አለን።

ሲሄዱ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ስሟን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ የፓስፖርት ቁጥሯን፣ ኮንትራቱን፣ መጨረሻ የደወለችበትን ቁጥር ይያዙ። ኮንትራቱ ከሌለዎ ገንዘብ የላከችበትን የባንክ ደረሰኝ ይፈልጉ፤ ቢያንስ ቀኑና የላኪው ስም ይገኝበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝምታ ሁልጊዜ ክፉ ወሬ አይደለም። ስልክ የሚከለክሉ ቤቶች አሉ። እኔ ሰባት ወር ሙሉ መደወል አልቻልኩም ነበር። እናቴ ልቅሶ ልትቀመጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ በሕይወት ነበርኩ። ቢሆንም አይጠብቁ፤ ነገውኑ ይነሱ።

«እኔና ባለቤቴ ለአሜሪካ ቪዛ ተመታልን። ሁለት ወር ቀርቶናል። እኔ አካውንታንት፣ እሷ ነርስ ናት። ምን ይዘን እንምጣ? በሙያችንስ እንሠራለን?» ከአዲስ አበባ

እንኳን ደስ አላችሁ። ስለ በርበሬና ሽሮ አትጨነቁ፤ እዚህ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ሞልቷል። ሁለቱን ወር ለወረቀት አውሉት።

የሁለታችሁም ትራንስክሪፕት ዋናው ጉዳይ ነው። እዚህ ትምህርት የሚገመግሙት ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ዩኒቨርሲቲው ራሱ አሽጎ እንዲልክላቸው ነው። ከዚህ ሆኖ ያንን ማስላክ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ሬጅስትራር ደጅ የሚመላለስላችሁ የታመነ ሰው ፈልጉና ሳትነሱ ውክልና ስጡት። ነርሷ የተማረቻቸውን ኮርሶች ዝርዝርና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ትያዝ። የጋብቻና የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ እንዳይረሳ። እነዚህን ሁሉ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታድርጓቸው።

እሷ በነርስነት ለመሥራት ትምህርቷ ተገምግሞ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ አለባት። ዝርዝሩ እንደየስቴቱ ይለያያል። እስከዚያ ብዙዎቻችን የጀመርነው የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ባለው ሲኤንኤ፣ ማለትም በረዳት ነርስነት ነው። ክሊኒክና ሆስፒታል ውስጥ መዋሉ ቋንቋውንም ያስለምዳታል። አንተ ደግሞ ከሂሳብ መዝገብ አያያዝ መጀመር ትችላለህ።

ዲሲ መሃል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ ወንድማችን ነበር። ዳሱ ጠባብ ናት። ከእግሩ ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ከቲኬት ማሽኑ ጀርባ ደግሞ የተገለጠ የአካውንቲንግ መጽሐፍ። መኪና ሲመጣ እርሳሱን ገጹ መካከል ያስገባና ይነሳል። መኪናው ሲወጣ ተመልሶ እርሳሱን ያወጣል። አራት ዓመት ፈጀበት፤ ዛሬ በሙያው ይሠራል። አብረውት ከነበሩት ውስጥ «ለጊዜው ነው» እንዳሉ አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው አሉ። ሥራው የሚያሳፍር አይደለም፤ ልጅ ያሳድጋል፣ ቤት ያስገዛል። ግን እስከ መቼ እንደሆነ ከአሁኑ ተነጋገሩ፤ ማን ቀድሞ እንደሚማርም ተስማሙ። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ መማር አትችሉም።

ሌላው ክሬዲት፣ ማለትም ብድርን በቀኑ የመክፈል ታሪክ ነው። ስትመጡ ምንም ታሪክ የላችሁም፤ ቤት አከራዩም መኪና ሻጩም የሚያየው እሱን ነው። ሁለት ሦስት መቶ ዶላር አስይዛችሁ ማስያዣ ያለው ካርድ አውጡ። በየወሩ ወተትና ዳቦ ግዙበትና ሙሉውን በቀኑ ክፈሉ። የሰው ብድር ላይ አብራችሁ አትፈርሙ፤ ዘመድም ቢሆን።

«ሐዋሳ ነርስ ነኝ። ጀርመን ነርስ ትፈልጋለች እየተባለ ነው። አንድ ቢሮ ቋንቋ ሳትማሪ በስድስት ወር እልክሻለሁ አለኝ። እውነት ነው?»

መፈለጓ እውነት ነው። ቋንቋ ሳትማሪ የሚለው ውሸት ነው። የነርስነት ፈቃድ ለማግኘት በተለምዶ ቢ2 የሚባለው የጀርመንኛ ደረጃ ይጠየቃል። ዲፕሎማሽም ከጀርመኑ ጋር ይነጻጸራል፤ የጎደለ ካለ በማሟያ ሥልጠና ወይም በፈተና ይሞላል። ሌላው በር አውስቢልዱንግ የሚሉት የሙያ ሥልጠና ነው፤ ሦስት ዓመት እየተማርሽ ይከፈልሻል። ለእሱም ቢሆን ቋንቋው ግድ ነው። ከዜሮ ተነስቶ ቢ2 መድረስ በርትቶ ለተማረ ሰው አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለዚያ ቢሮ የምትሰጪውን ብር ለትምህርቱ አውዪው። ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ያስተምራል፣ ይፈትናልም።

ደመወዝ ሲነግሩሽ «ብሩቶ ነው ኔቶ?»፣ ማለትም ያልተቆረጠው ነው ወይስ እጄ የሚገባው ብለሽ ጠይቂ። ብቻዋን ለምትኖር ሰው ከብሩቶው ላይ በግብር፣ በጤና መድንና በጡረታ ሲሶው ገደማ ሊቆረጥ ይችላል።

«ግሪን ካርድ ከያዝኩ አምስት ዓመት ሞላኝ። የአሜሪካ ዜግነት ብወስድ ኢትዮጵያዊነቴን አጣለሁ?» ከዳላስ

በሕጉ፣ አዎ። አዋጅ ቁጥር 378/1996 ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። ከዚያ በኋላ የሚኖርህ ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ነው። ያለ ቪዛ ትገባለህ፣ ትኖራለህ፣ ትሠራለህ። መምረጥና መመረጥ ግን አትችልም፤ በመከላከያ፣ በደህንነትና በውጭ ጉዳይም አትቀጠርም። በስምህ ያለ ቤት ወይም ቦታ ካለ ከመማልህ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክር። እኔ ወስጃለሁ። መሐላው ዕለት አልቅሻለሁ፤ ማልቀሴን ግን እንደ መጸጸት አትቁጠርብኝ።

«ሲያትል ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ቀን ኤርፖርት፣ ማታ ጥበቃ እሠራለሁ። ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር ነው የምኖረው። ወንድሜ የመኪና መግዣ፣ አጎቴ የቤት ማደሻ ላክ ይሉኛል። ስልኬ ሲጠራ ልቤ ይመታል። ምን ልበላቸው?»

ወንድሜ፣ እስካሁን የላክህላቸው ፎቶ የትኛው ነው? ቤዝመንቱን አይተውታል?

እኔ መጀመሪያ የላክሁት የሰው መኪና ተደግፌ የተነሳሁትን ነበር። እናቴ በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቀለችው። ከዚያ በኋላ ቸገረኝ ብል ማን ያምነኛል?

እነሱም ክፉ ሆነው አይደለም። ዶላሩን የሚያዩት በብር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። መቶ ዶላር ስትልክ እነሱ ጋ ከአሥር ሺህ ብር በላይ ሆኖ ይደርሳል። ጤፉም ዘይቱም አብሮ ስለጨመረ ግን ለእነሱም አይበረክትም። አንተ ደግሞ መቶውን የምታየው በሰዓት ነው፤ ስንት ሰዓት ቆመህ እንዳገኘኸው ታውቃለህ። አንዱን ገንዘብ በሁለት ዓይን እያያችሁት ነው የምትቀያየሙት።

አንድ ወረቀት ውሰድ። ግብር ተቆርጦ እጅህ የሚገባውን ጻፍ። ከሥሩ ኪራይ፣ ስልክ፣ መጓጓዣ፣ ምግብ። ፎቶ አንሳና ከቤተሰቡ ውስጥ ቃሉ ለሚሰማለት አንድ ሰው ላክ። ለሁሉም አይደለም፤ ለአንድ ሰው ብቻ። ከዚያ ለእናትህ ቁርጥ ያለ ገንዘብ በየወሩ በታወቀ ቀን ይድረሳት። ለሕመምና ለለቅሶ የሚሆን ትንሽ ለብቻው አስቀምጥ። ስለ መኪናውና ስለ ቤቱ «አሁን አልችልም» በል። «ቆይ፣ አያለሁ» አትበል፤ አንተ ለመገላገል ያልካትን ቃል እነሱ ቀን ቆጥረው ይጠብቋታል።

እኔ ለእናቴ እውነቱን የነገርኳት በሦስተኛው ዓመት ነው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ማታ ማታ ምን ትበያለሽ?» አለችኝ። ሦስት ዓመት የደበቅኋት ለዚህ ጥያቄ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ በቪዲዮ ደውልላቸው። ካሜራውን አዙረህ አልጋህን፣ ደረጃውን፣ ያቺን ጣሪያ ሥር ያለች ትንሽ መስኮት አሳያቸው። የጥበቃ ልብስህን ሳታወልቅ ደውል።