መልስ፦ የአያትህን የልደት ዘመን ስለማወቅ

ሰላም ወንድሜ፣ በአያትህ መዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ «ወልደ ሚካኤል ተወለደ በዘመነ ማርቆስ ኅዳር 12» የሚል ጽሑፍ አግኝቼ በየግብር ደረሰኙ ላይ ያ ስም ጠፋ ብለሃል። አይገርምም፤ ወልደ ሚካኤል የክርስትና ስማቸው ነው። ኅዳር 12 ሚካኤል ነውና ስሙ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ደረሰኝ ላይ የሚጻፈው የዓለም ስም ስለሆነ በእሱና በቅድመ አያትህ ስም ፈልግ።

ዓመቱን ቆጥረህ ልትደርስበት ትችላለህ። እያንዳንዱ ዓመት ከአራቱ ወንጌላውያን በአንዱ ስም ይጠራል፤ እነሱም በየአራት ዓመቱ ይመላለሳሉ፤ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረህ ለአራት ስታካፍል ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 1914፣ 1918፣ 1922 እና 1926 ሁሉም ዘመነ ማርቆስ ናቸው። እናትህ «ማይጨው ሲዘመት ልጅ ሆነው ስንቅ ተሸክመው ሄደዋል» ካሉ፣ ዘመቻው 1928 ስለሆነ 1926 ወዲያው ይወድቃል፤ በ1922 የተወለደም የስድስት ዓመት ሕፃን ነው። እኔ ብሆን 1914ን አስቀድማለሁ።

ደረሰኞቹን ግን አትናቃቸው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የተቆረጡ ከሆኑ የርስቱን ቦታና የወረዳውን ስም ያሳዩሃል፤ ማኅተሙን በቀን ብርሃን በስልክህ አንሳው። ከዚያ አገር ቤት ዘመድ ካለህ ሽማግሌዎቹን ዛሬ ነገ ሳትል ጠይቅ፤ ለጋብቻ ሲሉ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አሉ። ድምፃቸውንም ቅዳ። ቤተ መዛግብት መሄዱ የቦታውን ስም ከያዝክ በኋላ ይሻላል።