ከወንበር ለመነሣት ክፍያ፦ ስለ ስፖርት ማበረታቻ የቀረቡ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ክቡር የአምዱ አዘጋጅ፣ የምሠራው 300 ያህል ሠራተኞች ባሉት ድርጅት የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ባልደረቦቻችን ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ ሲሆን በወገብና በአንገት ሕመም ምክንያት የሕመም ፈቃድ የሚጠይቁት በርክተዋል። ሥራ አስኪያጃችን በሳምንት ሦስት ቀን ስፖርት ለሚሠራ ሠራተኛ በየወሩ ከደመወዙ ጋር የሚከፈል ማበረታቻ እንዲመደብ ሐሳብ አቅርበዋል። የሒሳብ ክፍል ኃላፊው በበኩላቸው «ሰው ለገዛ ጤናው ደግሞ ይከፈለዋል እንዴ?» ብለው ተቃውመዋል። ረቂቁን እንዳዘጋጅ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡ በእርግጥ ውጤት ያመጣል? ካመጣስ እንዴት ቢከፈል ይሻላል?
ረቂቁ የከበደው

መልስ፦ ገንዘብ ሰውን ከወንበሩ ማስነሣቱ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ክርክሩ ያለው ክፍያው ሲቋረጥ ሰውየው ተመልሶ ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም በሚለው ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ሁለቱም አለቆችዎ በየፊናቸው የሚጠቅሱት ማስረጃ አላቸው።

ሥራ አስኪያጅዎን የሚደግፈው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የታተመ የሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ የጋሪ ቻርነስና የዩሪ ግኒዚ፣ ሥራ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ጊዜ ጂም ሄደው እንዲመለሱ 25 ዶላር ከፈሉ፤ ከእነዚህ ለከፊሎቹ ደግሞ በቀጣዩ አንድ ወር ስምንት ጊዜ ቢሄዱ ተጨማሪ 100 ዶላር እንደሚያገኙ ነገሯቸው። ስምንት ጊዜ እንዲመላለሱ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ካበቃ በኋላም ከሌሎቹ ይልቅ መሄዳቸውን ቀጠሉ፤ ለውጡም የታየው በዋናነት ቀድሞ ጂም ደጃፍ በማይደርሱት ላይ ነበር። የሒሳብ ኃላፊዎን የሚደግፈው ደግሞ ሲንጋፖር ውስጥ በ13 ድርጅቶች በሚሠሩ 800 ሰዎች ላይ ተካሂዶ ውጤቱ በ2016 የታተመው ሙከራ ነው። እዚያ እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ ታጥቀው ጥሬ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩት ሠራተኞች በስድስተኛው ወር ከሁሉም የተሻለ እንቅስቃሴ ቢያሳዩም፣ ክፍያው ከቆመ ከስድስት ወር በኋላ ግን ወደነበሩበት ተመልሰው ተገኝተዋል። ወረት የሚባለው ይኸው ነው።

ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የምደርስበት ግምት የሚከተለው ነው። ገንዘብ አቅሙ የሚታየው የመጀመሪያዎቹን አስቸጋሪ ሳምንታት በማሻገር ላይ ነው፤ ጡንቻ የሚታመምበትን፣ የስፖርት ልብስ መልበስ የሚያሳፍርበትን፣ ሰዓቱ አልመቻች የሚልበትን ጊዜ ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰውየውን የሚይዘው ነገር ከገንዘቡ ውጭ መገኘት አለበት፤ የሚጠብቀው ጓደኛ፣ የለመደው ሰዓት፣ ወይም የተሻለው እንቅልፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማበረታቻውን ከደመወዝ ጋር ዘላለም የሚንጠለጠል ጥቅማ ጥቅም ማድረጉን አልመክርም። ሰው ሦስት ወር በተከታታይ ያገኘውን ክፍያ እንደ መብቱ ስለሚቆጥረው፣ የተቀነሰበት ዕለት ከስፖርቱም ከድርጅቱም ይኳረፋል።

አከፋፈሉ ከመጠኑ ያላነሰ ለውጥ ያመጣል። በዚያው በ2016 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክብደታቸው ከፍ ያለ 281 ሠራተኞች በቀን 7,000 እርምጃ እንዲራመዱ ግብ ሰጥተው ለ13 ሳምንታት ተከታተሏቸው። አንደኛው ቡድን ግቡን በመታበት ቀን ሁሉ 1.40 ዶላር ያገኛል፤ ሁለተኛው ዕጣ ይወጣለታል፤ ሦስተኛው በወሩ መጀመሪያ 42 ዶላር በስሙ ይመዘገብለትና ግቡን ባልመታበት ቀን ሁሉ 1.40 ዶላር ይቀነስበታል፤ አራተኛው ምንም አይከፈለውም። ያልተከፈላቸው ከቀኖቹ 30 በመቶ ያህሉን ግቡን ሲመቱ፣ ዕለታዊ ክፍያ የሚያገኙት 35፣ ዕጣ የሚወጣላቸው 36 በመቶ ላይ ቀሩ፤ ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን ለቁም ነገር የሚበቃ አልነበረም። ገንዘቡ የሚቀነስባቸው ግን 45 በመቶ ደረሱ። በሒሳብ ስሌት 42 ዶላር ተቀብሎ ማጣትና 42 ዶላርን በ30 ቀን ማጠራቀም ያው ነው፤ ሰው ግን ካላገኘው ይልቅ ከእጁ የወጣው ያንገበግበዋል። ቢሆንም ይህኛውም ቡድን ክፍያው ከቆመ በኋላ ብልጫውን ይዞ አልዘለቀም።

ይህን ዘዴ ከወደዱት አንድ ጥንቃቄ አደራ እላለሁ። የሚቀነሰው ገንዘብ ከደመወዙ ፈጽሞ የተለየ፣ ድርጅቱ በተጨማሪ ያስቀመጠው መሆን አለበት። በደመወዝ መክፈያ ወረቀት ላይ «ስፖርት ባለመሥራት የተቀነሰ» የሚል መስመር የታየ ዕለት ጉዳዩ ከጤና ወጥቶ የሥራ ክርክር ይሆናል።

ለረቂቅዎ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል የምለው በ2021 የታተመው ሰፊ ጥናት ነው። 61,293 የጂም ደንበኞች የተካተቱበትና 54 የተለያዩ የአራት ሳምንት ዘዴዎች በአንድ ጊዜ የተፈተኑበት ነበር። አንደኛ የወጣው ዘዴ አንድ ቀን ቀርቶ በሚቀጥለው ቀጠሮው ለተመለሰ ሰው 9 የአሜሪካ ሳንቲም የሚያወጣ ነጥብ የሚጨምር ነው። ዘጠኝ ሳንቲም! ምንም ዘዴ ካልቀረበላቸው ደንበኞች ጋር ሲነጻጸር የሳምንት ምልልሱ በ27 በመቶ ጨምሯል። እኔ እንደሚመስለኝ ምስጢሩ ያለው በሳንቲሙ ሳይሆን በተሰጠበት ቅጽበት ላይ ነው። ስፖርት ያቋረጠ ሰው ያቋረጠው በአንድ ቀን አይደለም፤ ማክሰኞ ሥራ በዝቶበት ይቀራል፣ ሐሙስ «ሳምንቱ ለማንኛውም ተበላሽቷል» ይላል፣ ሰኞ ቦርሳው መኪና ውስጥ እንዳለ ይቀራል። የእርስዎ ሥራ አስኪያጅ ያቀረቡት «በሳምንት ሦስት ቀን» የሚለው መስፈርት ማክሰኞና ረቡዕ የቀረውን ሰው ሐሙስ ላይ ተስፋ ያስቆርጠዋል። በዚህ ፈንታ ከቀረ በኋላ ለተመለሰ ሰው ትንሽ የሚጨምር ደንብ ያስገቡ።

ሌላው ሊያስቡበት የሚገባው ገንዘቡን ማን እንደሚወስደው ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ 5,000 በሚጠጉ ሠራተኞች ላይ ተካሂዶ በ2019 የታተመ ጥናት በሥራ ቦታ የጤና መርሐ ግብር የሚሳተፉት በአብዛኛው ቀድሞውንም ጤናማ የነበሩና የሕክምና ወጪያቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች መሆናቸውን አሳይቷል፤ በመጀመሪያው ዓመት በሕክምና ወጪ ላይ የታየ ቅናሽም አልነበረም። ስለዚህ «ገንዘቡ ከሕክምና ወጪ በሚተርፈው ይካካሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር በረቂቅዎ ውስጥ ካለ ያውጡት፤ የሒሳብ ኃላፊው መጀመሪያ የሚይዙዎት እዚያ ላይ ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ግብ ከማስቀመጥ ይልቅ እያንዳንዱን ከራሱ የቀድሞ ልማድ ጋር ማወዳደር ገንዘቡን ወደሚያስፈልገው ሰው ያዞረዋል።

ስለ ማጭበርበር አልጠየቁኝም፤ መምጣቱ ግን አይቀርም። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት በእርምጃ ብዛት ሽልማት ይሰጥ ነበር። የወሩ የመጨረሻ ቀን ስብሰባ ላይ ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ ቃለ ጉባኤውን በቀኝ እጁ እየጻፈ ግራ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ያለማቋረጥ ሲያወዛውዝ ዋለ፤ ሰዓቱ 4,000 እርምጃ ቆጠረለት። በዚያ ወር ሁለተኛ ወጣ። የሽልማቱ መጠን ሲተልቅ የእጅ ውዝዋዜውም ይተልቃልና፣ ገንዘቡን አነስተኛ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ለሁላችንም የሚታሰር ሰዓት አድሎ በቀን 10,000 እርምጃ ለሚሞላ ሠራተኛ ወርኃዊ ሽልማት ይሰጣል። የሁላችንም ውጤት በየሳምንቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እኔ ጉልበቴን ቀዶ ሕክምና ከተደረገልኝ ዓመት አልሞላኝም፤ ሐኪሜ የፈቀደልኝ ዋና ብቻ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እዋኛለሁ፤ ግድግዳው ላይ ግን ሁልጊዜ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። ቅሬታ ባቀርብ ሰነፍ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ።
ዋናተኛዋ

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰነፉ መርሐ ግብሩን ያወጣው ክፍል ነው። 10,000 የሚለው ቁጥር ከሕክምና መጽሐፍ የተቀዳ አይደለም፤ በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ «ማንፖ ኬይ» ከተሰኘ የእርምጃ መቁጠሪያ የመጣ ነው፤ የስሙም ትርጉም «የ10,000 እርምጃ መቁጠሪያ» ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ የሚናገረው ስለ እርምጃ ሳይሆን ስለ ደቂቃ ነው፤ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጥረት ያለው እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ዋናም በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። መመሪያው አካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎችም ምክር ይዟል። ስለዚህ ሲያመለክቱ ለየት ያለ ውለታ እንደሚለምን ሰው አይቅረቡ፤ መለኪያው በደቂቃ እንዲሆንና እርምጃ የማይቆጠርበት እንቅስቃሴም እንዲካተት ይጠይቁ። የሐኪምዎን ማስረጃ ለሰው ሀብት አስተዳደር ብቻ ያሳዩ፤ የቅርብ አለቃዎ ዝርዝሩን የሚያይበት ምክንያት የለም።

የግድግዳውን ዝርዝር በተመለከተ አስተያየቴ ከእርስዎ የከረረ ነው፤ መነሣት አለበት። ሰዓቱ እርምጃ ብቻ ሳይሆን የልብ ምትና እንቅልፍም የሚመዘግብ ከሆነ ደግሞ መረጃውን ማን እንደሚያይ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥና ከሥራ ምዘና ጋር እንደማይገናኝ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ የመጠየቅ ሙሉ ምክንያት አለዎት። ሰዓቱን ማሰርም በፈቃደኝነት መሆን ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ ድርጅታችን ምንም አይከፍለንም። እኔና ሦስት ባልደረቦቼ ግን ከየኪሳችን ገንዘብ አስይዘን፣ ስፖርት ያቋረጠ ያስያዘውን እንዲያጣ ልንስማማ ነው። የልጅ ሥራ ይሆንብን ይሆን?
አራቱ

መልስ፦ በፍጹም። በ2015 የታተመ፣ በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ሠራተኞች ላይ የተካሄደ ጥናት የእናንተኑ ሐሳብ የሚመስል ነገር ፈትኗል። ሠራተኞቹ ለአንድ ወር ጂም በሄዱ ቁጥር 10 ዶላር ይከፈላቸው ነበር፤ ክፍያው ሲያበቃ ለከፊሎቹ የራሳቸውን ገንዘብ አስይዘው ለመቀጠል ቃል እንዲገቡ ዕድል ተሰጣቸው። ዕድሉን የተጠቀሙበት ጥቂቶች ቢሆኑም፣ ዕድሉ የቀረበለት ቡድን ክፍያ ብቻ ከተሰጠው ቡድን ይልቅ ለረጅም ጊዜ ዘልቋል። እዚያ የሚታጣው ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ይሰጥ ነበር፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ለአሸናፊው ይሰጥ ካላችሁ አንዳችሁ የሌላውን መቅረት መመኘት ትጀምራላችሁና። ለሕመምና ለሐዘን የሚሆን ፈቃድ ከወዲሁ ጻፉ። ገንዘቡን የሚይዘው ከእናንተ ጋር የማይሮጥ ሰው ይሁን።